ከመታጠፊያው ወዲህ

ለባለቤቴ ለደምሴ፤

ደምስዬ፣ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን ሳነሳ እጄ ቆመ። ጤና የሚጠየቅበት አገር ላይ አይደለህም። ስለዚህ ከእኛ በኩል ልጀምር፤ እኔና ሳባ ደህና ነን። ከተለየኸን ዘንድሮ አራት ዓመት ሆነ። ዛሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ምሳ በልተናል፣ ውጭ ያካፋል፣ ሳባ ክፍሏ ውስጥ ሬድዮዋን ከፍታለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። የምነግርህ ጠፍቶኝም አይደለም። በየጠዋቱ ትመጣ ስለነበር ነው። በየጠዋቱ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ደብዳቤ አይጻፍም።

ይህን ለማንም በደንብ አስረድቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ጉም ወርዶ ከወደቡ በኩል የመርከብ ጡሩምባ ሲያጓራ፣ የብስክሌትህ የላላ ሰንሰለት መከለያውን ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ በጎን በር በኩል እሰማለሁ። ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ። ከዚያ ጉሮሮህን ስትጠርግ። ከዚያ ዝም። ከዳቦ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃህን ጨርሰህ ስትመለስ እንደምታደርገው ነው፣ ደረጃውን ግን አትወጣም። መጀመሪያ ሰሞን ሮጬ እከፍት ነበር። እርጥብ ሲሚንቶና ጉም ብቻ። መቀርቀሪያውን በአዲስ አስቀየርኩ፤ የሚሰማኝ ግን የድሮው ድምፅ ነው። ለቄሱ ብነግራቸው ነፍስህ እንድታርፍ ጸልዪ ብለው ጸበል ሰጡኝ። ቤቱን በሙሉ ረጨሁት። የጎን በሩን ግን ዘለልኩት፤ እንዳትቀርብኝ ፈርቼ።

የሞትክ ዕለት ቤታችን ሊታይህ ጥቂት ቀርቶህ ነበር። ፍራፍሬ በቆርቆሮ በሚታሸግበት ፋብሪካ፣ በካነሪው ግንብ ጥግ ባለችው መታጠፊያ ላይ፣ ከግቢው የሚወጣ የጭነት መኪና ገጨህ። ፖሊሶቹ ጉም ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም አሉኝ። የሾፌሩን ስም ሊነግሩኝ ሲሉ እጄን አንስቼ አስቆምኳቸው። ስም ካወቅኩ ፊት እሰጠዋለሁ፣ ፊት ካለው ደግሞ ቤቴ ይገባል ብዬ ነው። እና ሳትደርስ የቀረኸው አንተ፣ በየጠዋቱ ስትደርስ ኖርክ።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። ሳባ በቁመት ልትደርስብኝ ነው፣ በእግር ግን አልፋኛለች፤ ጫማዬ አይገባትም። አማርኛ ሳናግራት ሁሉንም ትሰማለች፣ የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። አንተ እያለህ እንደዚያ አልነበረችም። ከአንተ ጋር በአማርኛ ስትከራከር ነበር የምትውለው። ከቀብርህ በኋላ አማርኛዋ እንደ ቧንቧ ተዘጋ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ በመጨረሻ ተውኳት። እኔ የሆቴሉን ሥራ ትቼ አላሜዳ ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። የኩሽናው መስኮት አሁንም አይገጥምም። ጓሮ ያለው የፕሪም ዛፍ ግማሽ ጎኑ ደርቋል፣ በሌላው ጎኑ ግን ያፈራል።

ካነሪው የለም። አንተ በሄድክ በዓመቱ ተዘጋ። በበጋ ያ የማይገጥም መስኮት የሚያስገባውን ሽታ ታስታውሳለህ? ገና አልጋ ላይ እያለህ «ዛሬ ኮክ ነው የሚያሽጉት»፣ «ዛሬ ቲማቲም ነው» እያልክ ትገምት ነበር። እኔ አይደለም ስልህ እዚያ ይሠሩ የነበሩትን ሚስ ኦዴሳን በአጥር ላይ ጠይቀህ ትመጣና ታሸንፈኛለህ። አሁን ምንም አይሸትም። ሕንፃውን አፈራርሰው፣ መሬቱን በሽቦ አጥረው፣ መታጠፊያው ጥግ ያለውን የሸክላ ግንብ ብቻ ሳያፈርሱት ተዉት። ያንን ግንብ።

ሚስ ኦዴሳ ጎረቤታችን ናቸው አሁንም። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን ሰፈሩ ውስጥ የሚሆነውን ከእሳቸው በፊት የሚያውቅ የለም። ስሜን ጨርሶ መጥራት አቅቷቸው «ቢዚ» እንዳሉኝ ቀሩ። አንተ የሞትክ ዕለት ሳባን ከትምህርት ቤት ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ለቅሶው ላይ አንድ ድስት ባቄላ ቀቅለው ይዘው መጡና ነጠላ ባዘቀዘቁት ሴቶች መካከል ተቀመጡ። አንድ ቃል አይሰሙም፤ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ግን ያለቅሳሉ፣ ሲያርፉ ያርፋሉ። ያንን ቀን ስለማልረሳላቸው ነው ቀጥሎ ወደምነግርህ ነገር የገባሁት።

ባለፈው ዓመት በጸደይ መጥተው በሩን አንኳኩ። ካነሪው በነበረበት መሬት ላይ አንድ ትልቅ ኩባንያ መደብር ሊሠራ ነው አሉኝ። ከምስማር እስከ ሕፃን ዳይፐር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥበት፣ ስፋቱ የእኛን መንገድ ቤቶች በሙሉ የሚውጥ። መኪኖቹ ዕቃ የሚያራግፉት ከኋላ ነው፤ ከኋላ ማለት ደግሞ በእኛ መንገድ፣ በዚያች መታጠፊያ። ሚስ ኦዴሳ ሳሎን ውስጥ ስብሰባ ተጀመረ፣ እኔም ገባሁ። መንገዱ ጫፍ ላይ ምስማርና ቀለም የሚሸጡት ሜክሲኮአዊ ሽማግሌ፣ የሰንሰለት ዘይት ከእሳቸው ትገዛ የነበረው፣ ከሁሉም ሰው በፊት መጥተው ከሁሉም በኋላ ይወጡ ነበር። ብዙም አይናገሩም። ለሁላችንም መስኮት የሚለጠፍ ወረቀት ተሰጠን፤ «በመንገዳችን የጭነት መኪና አይለፍ» ይላል። ሳሎናችን መስኮት ላይ ለጠፍኩት።

ሳምንት ሳይቆይ ጋሽ ተፈራ ከሳን ሆዜ መጡ። ወረቀቱን ከውጭ አይተውታል መሰለኝ፣ ሲገቡ ወደ መስኮቱ አላዩም። ታውቃቸው የለ፤ በንጉሡ ጊዜ ተማሪ ሆነው መጥተው የቀሩ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ የተቀበሉን፣ የሬሳ ሣጥንህን ከፊት የተሸከሙ ሰው ናቸው። አሁን የአገራችን ሰዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ሻዩን ሳይነኩት ነገሩን አስረዱኝ። የኩባንያው ሰዎች ማኅበሩ ድረስ መጥተው መደብሩ ሲከፈት ለስደተኞቻችን ሥራ እንሰጣለን ብለዋል። ከሱዳን አዲስ የመጡት አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ያድራሉ፤ አባወራዎቹ ሥራ ፍለጋ ከኤል ሴሪቶ እስከ ሳን ሆዜ ያልረገጡት ደጃፍ የለም። እኛ ከተማው ሕዝቡን ሲሰማ፣ ሂሪንጉ ላይ፣ ተገኝተን እንደግፋለን፣ አንቺም ከወገንሽ ጋር ብትቀመጪ አሉኝ። ሲነሱ ኮታቸውን እየለበሱ እንዲህ አሉ፦

«ብዙነሽ፣ ደምሴ ቢኖር ከእኛ ጋር ይቆም ነበር።»

እውነት ይሆን ይሆናላ። መጀመሪያ እንደመጣን የነበረውን ጊዜ እኔም አልረሳሁትም። ዳቦ ፋብሪካው እስኪቀጥርህ ድረስ ጠዋት ተላጭተህ ወጥተህ፣ ማታ ማንም ሳያናግርህ ትመለስ ነበር። በሩ ላይ ጫማህን ስታወልቅ ፊትህን ከእኔ ታዞር ነበር። ለእነዚያ አባወራዎች ሥራ አያስፈልግም ብዬ እንዴት ልናገር? ወረቀቱን ግን ከመስኮቱ አላነሳሁትም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሚስ ኦዴሳ መጡ። የአሁኑ አመጣጣቸው ሌላ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ። ፎቶግራፍህን ጠየቁኝ። አሳድገን በእንጨት ላይ አድርገን ይዘን እንገባለን፣ ያቺ መታጠፊያ የወሰደችውን ሰው ፊቱን ይዩት አሉ። አንቺም ተነስተሽ አሟሟቱን ብትነግሪያቸው እምቢ የሚል ጨካኝ የለም አሉ። እሱ ቢኖር ይህንን ይፈልግ ነበር አሉኝ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሁለት ቋንቋ ሰማሁት።

«ባሌን እንጨት ላይ አልሰቅለውም» አልኳቸው።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልክ ነሽ፣ ልጄ፣ መጠየቅ አልነበረብኝም» አሉና ሄዱ። ሁለተኛ አላነሱትም። ለሌሎቹም እንዳያነሱብኝ ነግረውልኛል፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ስገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ደምስዬ፣ ያን ሰሞን በጣም ብቸኛ ነበርኩ። ሁለት ወገን እንደ ውርስ መሬት ሊካፈልህ መጣ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ባለውለታዎቼ ናቸው። አንተ ደግሞ ምን እንደምትል ለእኔ እንኳ አልነገርከኝ። እዚያ ጎን በር ላይ ቆመህ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ እንጂ ቃል አይወጣህም። አንድ ጉም የከበደበት ጠዋት በሩን ሳልከፍት ጆሮዬን ጣውላው ላይ አድርጌ «ንገረኝ» አልኩህ። ጣውላው ቀዝቃዛ ነበር። ከበስተጀርባው የሆነ ነገር ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ። ከዚያ ባቡሩ አለፈ።

በበጋው መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት እንደተከፈተ፣ ቀያሾች መጡ። ከግንቡ ጀምረው በመንገዱ ዳር ብርቱካናማ ጨርቅ ያሰሩባቸውን ችካሎች ተከሉ። አንደኛው ችካል አንተ በወደቅክበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። በማግስቱ ጠዋት ሰንሰለቱን ሰማሁት፤ ግን ከሩቅ ነው። እየቀረበ መጣ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀጥሎ መቀርቀሪያው ይሰማል ብዬ ጠበቅኩ። አልተሰማም። ኩሽና ውስጥ ውኃው እየፈላ፣ እኔ ማንኪያ በእጄ ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ሳባ ለትምህርት ቤት ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከክፍሏ ወጣች። ወደ ጎን በሩ አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች።

«ማም፣ ዳድ ዛሬ ዘገየ እንዴ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። እሷም የተናገረችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት፤ ፊቷ ነጣ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት እሷም ስትሰማህ ኖራለች። እኔ እሷን እንዳላስደነግጥ ደብቄ፣ እሷ እኔን እንዳታስደነግጥ ደብቃ። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥንና ሁለታችንም ከትምህርትም ከሥራም አረፈድን። አንተ ግን ያን ቀን አልደረስክም። ችካሎቹ እስካሉ ድረስ ሰንሰለቱ እየመጣ መታጠፊያው ላይ ይቆም ነበር።

ከተማው የነዋሪውን አስተያየት የሚሰማበት ቀን፣ ሂሪንጉ ማለት ነው፣ በጥቅምት ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፣ ሳባንም ከትምህርት ቤት አስቀረኋት፤ ካንቺ ጋር ካልሄድኩ ብላኝ። አዳራሹ ከፍ ያለ ጣሪያ አለው፣ ወንበሮቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል የሰፈራችን ሰዎች ሚስ ኦዴሳን ከበው ተቀምጠዋል። በግራ በኩል ጋሽ ተፈራና አዲስ የመጡት የእኛ ሰዎች። የክት ልብሳቸውን ነው የለበሱት፤ አንዳንዱ በተሰጠው ኮት ውስጥ ትከሻው ጠፍቷል። ሁለቱም ወገን በዓይኑ ጠራኝ። እኔና ሳባ ከኋላ፣ በር አጠገብ ተቀመጥን።

ጋሽ ተፈራ ጥሩ አድርገው ተናገሩ። የተናገሩት ውሸት አልነበረበትም። ሚስ ኦዴሳም በበትራቸው ተደግፈው ወጥተው ተናገሩ፤ ስለ ጭሱ፣ ስለ ጫጫታው፣ መንገድ ላይ ስለሚጫወቱት ልጆች። አንተን አላነሱም። ስለ መታጠፊያዋ ሊሉ ሲሉ ወደ እኔ አይተው ተዉት። የገቡልኝን ቃል ጠበቁ፤ ንግግራቸው ግን በዚያ ምክንያት እንደጎደለ አዳራሹ ሁሉ የተሰማው መሰለኝ። እንደዚያ ሲቀመጡ ሳይ ተነስቼ ልናገር እግሬን ሰበሰብኩ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ያኔ ነው አንድ ሰው ከጎን የተነሳው።

ቀጠን ያለ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ የሥራ ጃኬት የለበሰ ነጭ ሰው ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ማይክራፎኑ ጋ ቆመ። ስሙን ተናገረ፣ ሬይ ነው ስሙ። እዚያ ሰፈር አልኖርም፣ የምኖረው ሬድውድ ሲቲ ነው፣ ስለ ስብሰባው ጋዜጣ ላይ አይቼ ነው የመጣሁት አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ፈጥኜ አልያዝኩትም፤ ሳባ ግን ክንዴን በጥፍሯ ጨመቀችው። እሷ ከእኔ ቀድማ ሰምታዋለች።

«በዚያች መታጠፊያ ላይ ሰው ገድያለሁ» ነበር ያለው።

ደምስዬ፣ ያ ስሙን አልሰማም ያልኩት ሾፌር ነው። ሰውዬው ቀጠለ። አልጠጣሁም ነበር፣ አልፈጠንኩም ነበር አለ። ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ ግንቡ ሰውን ይሸፍናል፤ ያኔ የምነዳው መኪና ደግሞ አሁን ይመጣሉ ከሚባሉት ያጥር ነበር አለ። መደብር አትሥሩ አልልም፣ እኔን አያገባኝም፤ ግን አንድ ሌላ ሰው እኔን እንዲሆን አትፍረዱበት አለ። ስምህን አልጠራም። ባርኔጣውን አደረገና በእኛ አጠገብ አልፎ በበሩ ወጣ።

ተነስቼ ተከተልኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ እግሬ ነው የሄደው። ሳባም መጣች። ኮሪደሩ ባዶ ነበር፣ ወለሉ እብነ በረድ ስለሆነ የሦስታችንም እርምጃ ይጮኻል። ደረጃው አፋፍ ላይ ደረስኩበትና ሚስቱ ነኝ አልኩት። ሌላ እንግሊዝኛ አልመጣልኝም። ዞር ብሎ አየኝ፣ ሳባን አየ፣ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የነገረኝን ሳባ በጆሮዬ እየደገመችልኝ ነው የሰማሁት። ያን ጠዋት ወርዶ መሬት ላይ ተንበርክኮ ራስህን ጭኑ ላይ እንዳደረገ። አምቡላንስ እስኪመጣ እንዳልተለየህ። መኪና መንዳት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተወ። አንድ ጊዜ ወደ ሰፈራችን መጥቶ መንገዱ ማዶ ቆሞ ቤታችንን አይቶ፣ ማንኳኳት አቅቶት እንደተመለሰ። ጉም በወረደ ቁጥር አያለሁ አለ። ምን እንደሚያይ አልጠየቅኩትም። የምትመጣው ለእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እና ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። እሱ ሲያለቅስ፣ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ፣ አንተ ዓይንህን ከፍተህ አይተኸው አንድ ነገር አልከው። ሁለት ጊዜ ደጋግመህ። ቃሉን አልረሳውም፣ ትርጉሙን ግን ለመጠየቅ ፈርቶ ኖረ፤ እርግማን ነው ብሎ ስላመነ። ገደልከኝ፣ እግዚአብሔር ይፍረድብህ እንዳልከው ነው የቆጠረው። ይህንን ተሸክሞ ሦስት ዓመት ኖሯል። አንገቱን ደፍቶ፣ አፉ እንደምንም እየታገለ፣ ቃሉን አወጣው።

«አይዞ… አይዞ… እንዲህ ነው ያለኝ። ምን ማለት ነው?»

የመለሰችለት ሳባ ናት። ቁጭ ብላ ፊቷን በፊቱ ትይዩ አድርጋ፣ በእሱ ቋንቋ፣ ሳትቸኩል ነገረችው። የፈራ ሰው ሲኖር ነው የሚባለው አለችው። አትፍራ፣ በርታ፣ አለሁልህ ማለት ነው፣ ሁሉም በአንድ ላይ፤ እንግሊዝኛ የለውም አለችው። ሰውዬው ለእኔ ነው እንዴ ያለው ብሎ ጠየቀ።

«ሌላ የፈራ ሰው ነበር እዚያ?» አለችው ልጅህ።

ያን ጊዜ ሰውዬው ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ቆሜ አየሁት። ልቤ ላይ የነበረው ምን እንደሆነ ለአንተ መዋሸት አልፈልግም። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልልህም፤ ይቅርታ ያኔ አልነበረኝም፣ ዛሬም አንዳንድ ቀን አለኝ፣ አንዳንድ ቀን የለኝም። ግን ያ ቃል የአንተ እንደሆነ አውቃለሁ። የሱዳንን ድንበር ስንሻገር፣ እየፈራን ያለነው እኛ ሆነን፣ መንገድ መሪውን አይዞህ ስትለው ተናድጄብህ ነበር። ሳባ ስትወለድ ለእኔ ያልከውን ለአዋላጇም ብለሃታል። እንዲህ ያለ ሰው ነህ። ሌላ ቃል ሊወጣህ አይችልም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የመጨረሻ ቃልህ የለም ብዬ ሳዝን፣ ለካ አለ፤ ሬድውድ ሲቲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በፍርሃት ደብቆታል።

ትከሻቸው ላይ እጄን አደረግኩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንቱ ነው ያልኳቸው። «አይዞዎት» አልኳቸው። ልዩነቱ አልገባቸውም፤ ሳባ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

ውሳኔው ከሳምንታት በኋላ ወጣ። መደብሩ ይሠራ፣ የጭነት መኪኖቹ ግን በባቡር ሐዲዱ በኩል ይግቡ፣ በእኛ መንገድ እንዳያልፉ፣ የሸክላው ግንብም ይፍረስ ተባለ። ሰው ሁሉ አሸነፍን አለ። ሚስ ኦዴሳ ግን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ግማሽ አይደለም የጠየቅኩት ብለው መልሱ እንደጎደለበት ሰው ፊታቸውን አዞሩ። ግንቡ ሲፈርስ አብረን ቆመን አየን። አቧራው ሲያርፍ ከኩሽናዬ መስኮት እስከ ሐዲዱ ድረስ ወለል ብሎ ታየ። ያቺ ቦታ ድሮ ከቤት አትታየኝም ነበር። አሁን ሳህን ባጠብኩ ቁጥር ፊት ለፊቴ ናት።

መደብሩ ዘንድሮ ተከፈተ። ከአዲስ መጪዎቹ ጥቂቶቹ ተቀጥረዋል፣ ቃል ከተገባው ግን ያነሰ ነው። የሜክሲኮአዊው ሽማግሌ ሱቅ ግን ሳይቆይ ተዘጋ፤ ቁልፉን ሲያዞሩ ማንንም ሰላም አላሉም። የመደብሩ መብራት አይጠፋም። ጉሙ ውስጥ ገብቶ ሰማዩን ወተት ያስመስለዋል፣ ሰፈራችን ውስጥ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። እኔ አንድም ቀን አልገባሁም። ጋሽ ተፈራ ቤት መጥተው ነበር፤ ስለ ቀሪዎቹ ሥራ ፈላጊዎች እያነሱ «ደምሴ ቢኖር…» ብለው ጀመሩና መሐል ላይ ቆሙ። ሻያቸውን ያን ቀን ጠጡ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው ለሙት ዓመትህ ነው። ሬይም መጡ፤ ሳባ ናት ኮል አድርጋ የጠራቻቸው። ጫማ እንደሚወለቅ አላወቁም ነበር፣ በር ላይ ግራ ሲጋቡ ጋሽ ተፈራ ወጥተው አሳዩአቸውና አጠገባቸው አቆሟቸው። ፍትሐቱ ላይ የክርስትና ስምህ ሲጠራ ማን ነው ብለው ጠየቁ አሉ። እሱ ነው ተባሉ። ሁለት ስም እንዳለህ ሲያውቁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚሸከሙት የጨመረባቸው መሰሉ።

አሁን የምነግርህ ከሁሉም የሚያስፈራኝን ነው። ከዚያ ከኮሪደሩ ቀን ጀምሮ አልሰማህም። ችካሎቹ ተነቅለዋል፣ መንገዱ ነጻ ነው፣ እኔ ግን ጆሮዬን ጣውላው ላይ አድርጌ ብቆይ የመደብሩ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ብቻ ነው የሚሰማኝ። ሳባ ትሰማሃለች። ጉም በወረደ ጠዋት ከክፍሏ ወጥታ በሩ ጋ ትቆማለች። እኔ ፊቷን አያለሁ። ከዚያ «መጣ» ትለኛለች። በአማርኛ ነው የምትለው። ሌላውን ነገር አሁንም በእንግሊዝኛ ነው፣ ይህንን ግን በአማርኛ። ለምን እኔን እንደተውከኝ አላውቅም። ለእኔ የምትለውን ጨርሰህ ይሆን? ወይስ አሁንም በሩ ላይ ቆመሃል፣ እኔ ነኝ የደነቆርኩት?

አንድ ቀን እሷም መስማት ታቆም ይሆናል። ያኔ እኔ እነግራታለሁ። ሐብሐብ ላይ በርበሬ ነስንሰህ የምትበላ ጉድ እንደነበርክ፣ ስትስቅ ድምፅህ ሳይወጣ ትከሻህ ብቻ እንደሚንቀጠቀጥ፣ አላሜዳ ባሕር ዳር ውኃውን እስከ ቁርጭምጭሚትህ ብቻ ገብተህ «ዋኘሁ» እንደምትል እነግራታለሁ። ለማንም ወገን ምስክር አላደርግህም። በማንም ላይም አላነሳህም። በየዓመቱ ስምህን ሁለቱንም አስጠራለሁ፤ ሬይ እስካሉ እሳቸውም ይቆማሉ።

ደምስዬ፣ አልረሳህም። ከአንተ የሚበልጥ ዕድሜ ይዤ እዚያች አላሜዳ ቤት እንዳሉት አሮጊቶች የልጄን ስም እስክረሳ ብደርስ እንኳ፣ አንተን እንድታስታውሰኝ ሳባን ቃል አስገብቻታለሁ። በየትኛው ቋንቋ ብላ ጠየቀችኝ። በአማርኛ አልኳት። እሺ አለችኝ።

ያንተው ብዙነሽ